የእማማ ዘይነባ አመድና የብርሃኑ ቤት

ሐሙስ ማለዳ፣ ለገሃር

ሰማዩ ገና ሲገረጣ ለገሃር ደረስኩ። በአንድ እጄ ሻንጣ፣ በሌላው የእንጨት ሳጥን ይዣለሁ። ሻንጣውን ለተሸካሚ ሰጠሁ። ሳጥኑን ግን ለወለደችኝ እናቴም አልሰጥ። ቲኬት ቆራጩ ከሩቅ አይቶት መጣ።

«እሱ ዕቃ ፉርጎ ነው የሚገባው።»

«አይገባም። ጭኔ ላይ ነው የሚሄደው።»

«ምን ቢይዝ ነው?»

«ሌዘር።»

«የሚበላ ነው የሚጠጣ?»

«የሚታይ ነው» አልኩት። ከላይ እስከ ታች ገርምሞኝ አለፈ፤ እኔም መስኮቱ አጠገብ ቦታዬን ያዝኩ።

አንባቢም እንደ ቲኬት ቆራጩ ግራ እንዳይጋባ ከወዲሁ ላስረዳ። ሳጥኑ ውስጥ ክንድ የማታህል የብርጭቆ ቱቦ አለች። ሂሊየምና ኒዮን የተባሉ ጋዞች ገብተውባታል፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጧት እንደ ፒያሳ የማስታወቂያ መብራቶች ቀላ ብላ ትበራለች። ይህ ብቻውን ብርቅ አይደለም። ብርቁ የሚመጣው ከቱቦዋ ወዲያና ወዲህ ሁለት ትናንሽ መስታወቶች ፊት ለፊት ሲቆሙ ነው። ብርሃኑ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ በየምልልሱ እየበረታ ይሄድና በአንደኛው መስታወት በኩል እንደ ክር የቀጠነ ቀይ ጨረር ሆኖ ይወጣል። በመስታወቶቹ መካከል ያለውን ቦታ እኔ የብርሃን ቤት እለዋለሁ። የቤቱ ግድግዳዎች ዝርግ ሲሆኑና ጎድጎድ ሲሉ ብርሃኑ የሚቆይበት ወይም የሚያመልጥበት መንገድ ይለያያል። በዩኒቨርሲቲ የማጠናው ይህንኑ ነው። ስለ ቤት ቅርፅ ይህን ያህል የማውቅ ሰውዬ እስከ ዛሬ የምኖረው በኪራይ ክፍል ነው።

ወደ ሐረር የጠራኝ ረመዳን ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለን አንድ ክፍል አብረን ኖረናል፤ አሁን በትውልድ ከተማው ሳይንስ ያስተምራል። ለምኖና ተለማምጦ አንዲት ክፍል ቤተ ሙከራ አስደርጎ ነበር። የወላጆች ኮሚቴ ግን «ጥቂት ጠርሙስ ከሚደረደርባት ለጊደር መጋላ ገበያ ነጋዴዎች የእህል ማስቀመጫ ትሁን፤ ኪራዩ ለትምህርት ቤቱ ይበጃል» ማለት ጀምሯል። ቁርጡ የሚታወቀው ቅዳሜ ጠዋት ነው። «መጥተው አይተው ማሻላህ ካላሉ ክፍሌ የማሽላ ጎተራ ሆነች ማለት ነው፤ ድረስልኝ!» ብሎ በስልክ ጮኸብኝ። እኔም «በዚህስ አታስብ» አልኩት። የያዝኩትን ስለማውቅ ነው።

ሐሙስ፣ በባቡር

ከሞጆ በኋላ አገሩ እየተዘረጋ፣ ሙቀቱም እየከበደ ሄደ። መተሃራ ላይ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ግራር፣ አልፎ አልፎ ግመል። አዋሽ ስንደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። በመስኮት በኩል የተቀቀለ እንቁላል፣ ሎሚ፣ በቅል የተያዘ የፍየል ወተት ይቀርባል። እንቁላል በስሙኒ ገዛሁና ሳጥኑን እንደ ገበታ ተጠቅሜ በላሁ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አዛውንት «ገበታህ አማረ» አሉኝ። ገበታዬ ውስጥ ያለውን ቢያውቁ ኖሮ እንቁላሉን ከእጄ ይቀሙኝ ነበር። ባቡሩ ይንገጫገጫል፤ እኔ ደግሞ በተንገጫገጨ ቁጥር ሳጥኑን እንደ ሕፃን ልጅ እቅፍ አደርገዋለሁ። ድሬዳዋ የገባነው አመሻሽ ላይ ነው፤ ከዚራ በሚባለው ሰፈር አንድ ሆቴል አደርኩ።

ዓርብ ጠዋት፣ ከድሬዳዋ ሽቅብ

የሐረር ፔጆዎች በማለዳ ነው የሚሞሉት። ሾፌሩ አህመድ ይባላል፤ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ወሬ ይዞ የሚነዳ ሰው ነው። ደንገጎ መጠማዘዣ ላይ ሳጥኑን ሁለት እጄን አድርጌ ስይዝ በመስታወት አየኝ።

«ጌታው፣ ቦምብ እንዳይሆን ብቻ ወላሂ!»

«ብርሃን ነው የያዝኩት። ቀስ ብለህ ንዳ።»

«ብርሃን ከሆነማ ምን ያስፈራል? ብርሃን አይሰበር!»

«ቤቱ ይሰበራል።»

አህመድ ሳቀና እግሩን ከነዳጁ ላይ ትንሽ አነሳ። ሽቅቡ ሲያልቅ አየሩ ቀዘቀዘ። የዓለማያ ሐይቅ በቀኛችን ተንጣለለ፤ አወዳይ ላይ የጫት እስር የታቀፉ ሴቶች መንገዱን ሞልተውት ጡሩንባ ቢነፋም አይሰሙም። ከዚያ ሐኪም ጋራ ከከተማዋ ወዲያ ብቅ አለ፤ ረመዳንም የጀጎል ግንብ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ከስቷል። ሳጥኑን አይቶ ነው የሳመኝ ማለት ይቻላል።

ዓርብ ረፋድ፣ ጀጎል ውስጥ

የረመዳን ቤት ከቀጭን መንገድ ዳር፣ ከነጭ ግንብ ጀርባ ነው። ሲገቡ ሳሎኑ በቀይ አፈር የተለሰኑ ሰፋፊ መደቦች አሉት፤ ሐረሪዎች ነደባ ይሏቸዋል፤ ሰው እንደየክብሩ ከፍና ዝቅ ብሎ ይቀመጥባቸዋል። ግድግዳው ደግሞ ከታች እስከ ላይ ሰሃን፣ ትሪና ስፌት ነው። አንድም ደብዛዛ ዕቃ የለም። የቤቱ እመቤት የረመዳን እናት እማማ ዘይነባ ናቸው፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ እጃቸው ሥራ የማይፈታ ሴት። እኔን ከፍተኛው ነደባ ላይ ካላስቀመጥኩ ብለው ተሟገቱ።

ሳጥኑን ከፍቼ አየሁት፤ መንገዱ ምንም አላደረገውም። ቱቦዋ ደህና፣ መስታወቶቹ የሚንሸራተቱባት ሐዲድ ደህና፣ ለማፈራረቅ የያዝኳቸው ሁለት ጥንድ መስታወቶችም በየቦታቸው፦ ሁለት ዝርግ፣ ሁለት ጎድጓዳ። እነዚህ መስታወቶች ፊት አያሳዩም። ከላያቸው እጅግ ስስ የሆነ ልባስ አለ፤ ወደ ብርሃን ሲያዘነብሏቸው ዘይት እንደነካው ውሃ ሐምራዊና አረንጓዴ ይመስላሉ። ቀዩን ብርሃን የሚመልሰው እሱ ልባስ ነው። ሳጥኑን ክፍቱን ትቼ ከረመዳን ጋር የትምህርት ቤቱን ክፍል ለማየት ሄድኩ።

ክፍሏ ትንሽ ናት። ሁለት መስኮት፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ ሰሌዳ። ረመዳን ጠረጴዛውን ራሱ ነው ያስጠረበው፤ በመዳፉ እየዳበሰ አሳየኝ። «እዚህ ልጆች በዓይናቸው አይተው 'ለምን?' ብለው ይጠይቃሉ፣ ታደሰ። ሌላው ክፍል ውስጥ እኔ የጻፍኩትን ነው የሚገለብጡት» አለኝ።

ስንመለስ እማማ ዘይነባ በር ላይ በፈገግታ ተቀበሉን። ለጁምዓ ሲሉ የግድግዳውን ዕቃ ሁሉ አውርደው ወልውለዋል። በተነፋ አመድና በሎሚ ነው የሚያጠሩት፤ የቤቱ ወግ ነው፣ በዓርብ ቀን ደብዛዛ ዕቃ እንግዳ ፊት አይቀመጥም።

«ልጄ፣ መስታወቶችህ በመንገድ ተበላሽተው ነበር» አሉኝ። «ሐምራዊ ዝገት ይዟቸው ነበር። አጠራሁልህ! ከየጥንዱ አንዱን ብቻ ነው የወለወልኩት፤ የጠራውንና ያልጠራውን ጎን ለጎን አይተህ ትፈርድልኛለህ ብዬ ነው።»

መዳፋቸውን ዘረጉ። ሁለቱ መስታወቶች እንደ ምንጭ ውሃ ጠርተዋል። አንድ ዝርግ፣ አንድ ጎድጓዳ። ልባሳቸው ሙልጭ ብሎ ወጥቷል።

«በአመድ?» ብዬ ጮህኩ። ጨዋ እንግዳ አይጮህም፤ እኔ ግን ጮህኩ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ያ ቆሻሻ አልነበረም፣ እማማ። መስታወቱ ራሱ እሱ ነበር።»

ረመዳን ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቀረ። እናቱ ቀስ ብለው በዝቅተኛው ነደባ ላይ ተቀመጡ። «ያ ረቢ! የልጄን ክፍል በገዛ እጄ ዘጋሁበት?» አሉ፤ እጃቸውንም ሻሻቸው ስር ደበቁት። ያን ጊዜ በጩኸቴ አፈርኩ።

ዓርብ ከሰዓት፣ እዚያው

ምሳ ቀረበ፤ እሳቸው አልቀመሱም። ዝም ብዬ መብላት ስላልቻልኩ ከግድግዳው አንድ ዝርግ ትሪና አንድ ጎድጓዳ ሰሃን አወረድኩ። አንዲት ሽምብራ ጠየቅኩ።

«ሽምብራዋ ብርሃኑ ናት እንበል» አልኳቸው። ትሪው ላይ አስቀምጬ የፀጉር ያህል አዘነበልኩት፤ ሽምብራዋ ተንከባልላ መሬት ወደቀች። «ሁለቱም ግድግዳ ዝርግ የሆነ ቤት እንዲህ ነው። ቅንጣት ከተዛባ ብርሃኑ ያመልጣል።» ከዚያ ሰሃኑ ውስጥ ጣልኳት፤ ወጣች፣ ወረደች፣ መሃል ላይ ተመልሳ ቆመች። «ጎድጓዳው ግን ይመልሰዋል።»

«አሁን የቀረልህስ?» አሉኝ ቀና ብለው።

«አንድ ትሪና አንድ ሰሃን።»

ይህን ስናገር እኔው ራሴ ነቃሁ። ጥንድ መስታወት ስለለመድኩ ያለ ጥንድ አይሆንም ብዬ ደምድሜ ነበር እንጂ፣ አንድ ዝርግና አንድ ጎድጓዳ ያለው ቤት ብርሃን እንደሚይዝ አንብቤያለሁ። ዝርጉ ያባከነውን ጎድጓዳው ይሰበስበዋል። ሠርቼው አላውቅም፤ ግን ይሆናል። «ይሆናል!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ረመዳን «ካልሆነስ?» አለኝ።

«ይሆናል አልኩህ እኮ!»

እስኪመሽ ታገልኩ። ቱቦዋ ቀላ ብላ ትበራለች፤ ጨረር ግን የለም። ብሎኖቹን ወዲህ አዞርኩ፣ ወዲያ አዞርኩ፤ እማማ ዘይነባ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ዱዓ ያደርጋሉ። ጨረሩን ሳናይ ተኛን።

ቅዳሜ ጠዋት፣ በክፍሏ ውስጥ

ኮሚቴው መጣ። ሰብሳቢው ሐጂ ዩሱፍ ናቸው፤ ነጭ ጢም፣ ከዘራ፣ ለመፍረድ የማይቸኩል ዓይን። እሳቸው ራሳቸው የጊደር መጋላ እህል ነጋዴ ስለሆኑ ክፍሏን የፈለጓት ከልባቸው ነው። መስኮቶቹን ዘጋን፤ ቱቦዋን አበራሁ።

«ይሄ ነው?» አሉ ሐጂ ዩሱፍ። «እንዲህ ያለውማ ድሬዳዋ የሱቅ በር ላይ ተሰቅሎ አይቻለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ረመዳን አልሳቀም፤ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ይዟል። እኔ ላቤ እየወረደ ብሎን አዞራለሁ። ከዚያ ዓይኔ ሐዲዱ ላይ ያለችውን የእርሳስ ምልክት አየች። አዲስ አበባ ሳለሁ ለሁለቱ ጎድጓዳዎች ብዬ ያሰመርኳት ምልክት ናት፤ ከትናንት ጀምሮ ጎድጓዳውን መስታወት እዚያው ላይ አቁሜ ነበር የምታገለው። ሁለት ጎድጓዳዎች ይረዳዳሉና ቤታቸው ቢረዝም ይችሉታል። አንዱ ግድግዳ ዝርግ ሲሆን ግን ጎድጓዳው ብቻውን ነው የሚሰበስበው፤ ቤቱ ማጠር አለበት። አየህልኝ፣ የቤት ቅርፅ ሊቁን!

መስታወቱን ወደ ቱቦዋ ገፋ አደረግኩት። ምንም። ገፋ አደረግኩት። ግድግዳው ላይ ቀይ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። ረመዳን «ቢስሚላህ» አለ። ብሎኗን የጥፍሬን ያህል ባዞራት፣ ከሰሌዳው አጠገብ የበርበሬ ፍሬ የምታህል ደማቅ ቀይ ነጥብ ቁጭ አለች። አልተንቀሳቀሰችም።

ሐጂ ዩሱፍ ተነሱ። ነገር በእጃቸው ካልዳሰሱ የሚያምኑ አይደሉም። ወረቀት ሰጠኋቸውና በቱቦዋና በመስታወቱ መካከል እንዲያስገቡ ነገርኳቸው። ሲያስገቡ ቱቦዋ እንደበራች ናት፤ ነጥቧ ግን ጠፋች። ሲያወጡ ተመለሰች። ደገሙት። ሠለሱት።

«መብራቱ ሳይጠፋ እሷ ለምን ትጠፋለች?» ብለው ጠየቁ።

ረመዳን ቀደመኝ። «ሐጂ፣ እንደዚህ ተብሎ የሚጠየቅባት ክፍል ይቺ ብቻ ናት።»

ሐጂ ዩሱፍ ጢማቸውን ያዙ። «ጨረቃ ላይ ወጡ የተባለውን ሳልቀበለው ነው የኖርኩት» አሉ። «እስቲ ይቺንም ሳላጣራ አልቀበላትም። ልጆቹ አጣርተው ይንገሩኝ።» ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «ማሽላው ሌላ ቦታ ይፈለግለት።»

ረመዳን ወደ ውጭ ሮጠ። እናቱ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ተከትለውን መጥተው፣ መግባት አፍረው እዚያው ቆመው ነበር። እጃቸውን ይዞ አስገባቸው። ነጥቧን መዳፋቸው ላይ አሳረፍኩላቸው፤ ያ አመድ የያዘ መዳፍ በቀይ ብርሃን በራ። «አይሞቅም» አሉ፤ እንባቸው ወረደ። የእኔም ዓይን ደህና አልነበረም።

«ያልነካኋቸው የትኞቹ ናቸው?»

«እነዚህ ሁለቱ።»

«አልሐምዱሊላህ! እንኳንም ሁሉንም አልጨረስኩ!» ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ።

እሁድ ማለዳ፣ መመለሻ

ሌዘሩን ለረመዳን ትቼለት ነው የምሄደው። አለቃዬ የሚለኝን እኔ እችለዋለሁ፤ ሁለት ጎዶሎ መስታወት ያለው ቤት ከአዲስ አበባ ይልቅ ሐረር ሥራ አለው። የአህመድ ፔጆ በሩ ላይ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። እማማ ዘይነባ ለመንገዴ ዳቦና ሙዝ ጠቅልለው አስያዙኝ፤ ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ረመዳን፣ ክፍሉን በደንብ ቆልፍ» አሉት። «እኔም ብሆን፣ ጨርቅ ይዤ ከመጣሁ እንዳትከፍትልኝ።»