ጊሱላል ፋልሳውን ያማበት ቀን

ጊሱላል ሲጮህ የስፌት ክሬ ይበጠሳል። ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ነው፤ ይህን የሚያህል ጉሮሮ ለአንድ ሰው ብቻ መሰጠቱ ግፍ ነው እላለሁ። የከተማችን የጃይፑር ሙቀት ሰውን ከየጥላው ሥር ሲሰበስብ፣ እሱ ጋሪውን እየገፋ ወደ ጠባቧ መንገዳችን ይገባና «ጥቁር ጥቁር ፋልሳ! ጣፋጭ ጎምዛዛ!» ይላል። ፋልሳ ከሽምብራ እምብዛም የማይበልጥ ሐምራዊ ፍሬ ነው፤ ጥቁር ጨው ነስንሶ በወረቀት ጠቅልሎ ይሸጠዋል። ወቅቱ መጣ ሲሉት ሄደ ነው፤ እስኪሄድ ድረስ ግን ጊሱላልን የሚችለው የለም።

አንድ የሚኮራበት ነገር አለው፤ ሲጮህ አይዋሽም። ቤቱ ውስጥ ይዋሻል፣ ከእኔ ጋር ካርታ ሲጫወት ይዋሻል፣ ዕድሜውንማ ተዉት። ፍሬው የኮመጠጠ ቀን ግን «ዛሬ ይኮመጥጣል!» ብሎ ነው የሚጮኸው። «የነጋዴ ጩኸት መሐላ ነው» ይላል። አባቱም እንዲሁ ነበሩ አሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሺፕራ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፋልሳውን በቅርጫት መግዛት ጀመረች። ምን እንደምታደርገው ጠየቃት። ከፍሬው ያወጣችውን ጭማቂ ለአይጦች እንደምታጠጣ፣ ከዚያ ጨረር እንደምታሳርፍባቸው፣ ፋልሳ የጠጡት አይጦች ጉበት ካልጠጡት ያነሰ ተጎድቶ እንዳገኘችው ነገረችው። ልጅቷ ምን ታድርግ! ለእሱ ግን መንገር አልነበረባትም።

በማግስቱ መንገዱ በአዲስ ጩኸት ተናወጠ። «ጉበት ጠጋኝ ፋልሳ! ጨረር የማይደፍረው ፋልሳ! የዩኒቨርሲቲ አይጥ የመሰከረለት!»

«እንግዲህ ከሰው ተጣልተህ ከአይጥ ጋር ገጠምክ?» አልኩት።

«ማስተርጂ፣ አንተ መርፌህን ጠብቅ» አለኝ። ልብስ ሰፊ ሁሉ እኛ ዘንድ ማስተርጂ ነው።

ባለፈው ዓመት ሚስቱ ሱግኒ ታመመች። ከቀኝ ጡቷ ላይ ዕጢ በቀዶ ሕክምና አወጡላትና፣ እንዳይመለስ በጨረር መታከም አለብሽ አሏት። እምቢ አለች። ጊሱላል ምሳውን ሳይቀምስ ሱቄ መጥቶ ተቀመጠ፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ና እስቲ አንተ ለምናት» አለኝ። አብሬው ቤታቸው ወጣሁ።

«ጉበቴ ከሥሩ ነው» አለች ቀኝ ጎኗን ይዛ። «ያቃጥሉብኛል።»

«ሐኪሙ እንጠነቀቃለን ብሏል እኮ» አላት ጊሱላል።

«የቢምላ አባት» አለችው፤ ባሏን የምትጠራው በልጃቸው ስም ነው። «ጨረር የማይደፍረው ፋልሳ እያሉ ሲጮኹ የከረሙት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ፋልሳ ጨረርን ካሸነፈ፣ ፋልሳ ይበልጣል። የሚበልጠው ቤቴ ተቀምጦ ወደተሸነፈው ምን ልሠራ እሄዳለሁ?»

በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ማለት ይኸው ነው። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል የጊሱላልን ፊት አየሁና ዋጥኩት። ሰውየው ሚስቱን በገዛ አፉ ሊገድላት ነው።

ወደ ሺፕራ ሮጠ። «አጎቴ» አለችው በአክብሮት፣ «የእኔ አይጦች ዕጢ አልነበረባቸውም፤ ጤነኞች ነበሩ። ፋልሳው ጉበታቸውን ትንሽ ከለለላቸው እንጂ በሽታ አላዳነም። ሰው ላይ ደግሞ አልሞከርነውም። አክስቴ ትታከም። ፋልሳ ልብላ ካለችም መጀመሪያ ሐኪሟን ትጠይቅ።»

ይህንኑ ቃል በቃል ለሱግኒ ነገራት። በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። «ቤት ውስጥ የሚሉኝንማ አውቀዋለሁ። የእርስዎን እውነት የሰማሁት ሁልጊዜ በመስኮት ነው። እውነት ከሆነ ወርደው ይጩኹት።»

በማግስቱ ጠዋት ጋሪውን በፋልሳ ሞልቶ ሱቄ ፊት አቆመ። አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። «ምነው፣ አይጦቹ ምስክርነታቸውን አነሱ እንዴ?» አልኩት።

«ፋልሳ ፍሬ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ጥም ይቆርጣል፣ ሌላ ምንም አያድንም! አይጥ ሌላ፣ ሰው ሌላ! ጨረር የታዘዘለት ሐኪም ቤት ይሂድ! እኔ ጊሱላል ዋሽቻለሁ!»

መጨረሻው ላይ ያ ጉሮሮ ተሰነጠቀ። ወተት ሻጩ «የገዛ ዕቃውን የሚያማ ነጋዴ ዛሬ አየሁ!» ብሎ ሲስቅ «ዝም በል አንተ!» ብዬ ጮኽኩበት። እኔም እንደዚያ መጮህ እንደምችል አላውቅም ነበር።

ከላይ የእነ ሱግኒ መስኮት ተዘጋ። ትንሽ ቆይቶ ሱግኒ ሻሿን አስተካክላ፣ ቦርሳዋን ይዛ ወረደች። በጋሪው በኩል ስታልፍ አንድ እፍኝ ፋልሳ አነሳች።

«ተይ!» ብሎ እጇን ያዛት። «መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቂ።»

አየችው፤ ፍሬውን ወደ ጋሪው መለሰችና ሐኪም ቤት የሚያደርሳት ሪክሻ ጠራች። ጊሱላል ጋሪውን እኔ ላይ ጥሎ አብሯት ሄደ። ቀኑን ሙሉ ፋልሳ ስሸጥ ዋልኩ፤ መጮህ ግን አልሆነልኝም።

ዘንድሮም ሙቀቱ ገባ። ትናንት ጊሱላል ጋሪውን እየገፋ መጣ፤ አመል መቼ ይለቃል! «ጥቁር ጥቁር ፋልሳ! ጣፋጭ ጎምዛዛ! ጉበት...»

ከላይ መስኮቱ ተከፈተ።

«የቢምላ አባት!»

«...ጥም ይቆርጣል! ጥም ብቻ!» አለ ጊሱላል፣ ከበፊቱም ይበልጥ እየጮኸ። ክሬ ተበጠሰ። ዘንድሮ ቅር አላለኝም።