ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድ

ትናንት እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ፣ ዱራ የሚሉትን ማሽላ ልገዛ ገብቼ፣ ከተከፈተ ጆንያ የሚነሣው የማሽላ ብናኝ አፍንጫዬን ሲነካኝ ሳልገዛ ቤቴ ተመለስኩና የሟች አባቴን ሣጥን ከፍቼ በልጅነቴ የነበርንበትን የስደተኞች ካምፕ የራሽን ካርድ አወጣሁ። ጠርዙን ምስጥ በልቶታል፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው፦ 30031።

በረሃቡ ዘመን ከጎንደር ገጠር በእግር መጥተን ድንበሩን ስንሻገር እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ እህቴ ጽጌ ዘጠኝ። አባዬ የሂሳብ አስተማሪ ነበር፤ ጠመኔ ቢያጣም ማስተማሩን የሚተው ሰው አልነበረም፤ ጠዋት ጠዋት ለአጥሚት ስንሰለፍ ሆዳችንን እንድንረሳ ይህንኑ የካርድ ቁጥር ሰጠንና፣ «ያለ ቀሪ የሚያካፍለውን ፈልጉ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት እያላችሁ ራሳቸው በሌላ በማይካፈሉት ብቻ ሞክሩ፣ በቀን ግን አንድ ብቻ፣ ያገኘችው የእኔን የስኳር ድርሻ ትወስዳለች» አለን። ስኳር ሲባል የጽጌ ዓይን ፈጠጠ።

መሬቱን በእንጨት እየጫርን እናካፍላለን። በሁለት አንድ ተረፈ፣ በሦስት አንድ፣ በአምስት፣ በሰባት፣ በአሥራ አንድ፣ በአሥራ ሦስትም ያው አንድ። ጽጌ በየቀኑ «አንድማ ተረፈችን!» እያለች ትዘላለች፤ እናቴም «የታለች እስቲ፣ ድስት ውስጥ ክተቻት» ትላታለች። በአሥራ ሰባት ዘጠኝ ሲተርፍማ ሀብታም ሆንን ብላ ሰልፉን ሁሉ አዳረሰች፤ የሳቀላት ግን ጥቂት ነበር።

ከዚያ ተቅማጡ ያዛት። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ተራው የሃምሳ ሦስት ነበር፤ እሷ ምንጣፍ ላይ ተኝታ በሹክሹክታ ታሰላለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ሠላሳ ሦስት ተረፈ። አልዘለለችም።

«አባዬ፣ የነገውን ዛሬ ስጠኝ» አለችው።

«ነገ፣ የኔ ዓለም። ነገ።»

ጎህ ሲቀድ አለፈች። ጎረቤቶች ዝም በል፣ ራሽኗን ትበሉታላችሁ ቢሉትም አባዬ ሄዶ መሞቷን ተናገረ፤ የካምፑ ጸሐፊ ካርዱ ላይ በቤተሰብ ብዛት ቦታ አራትን ሰርዞ ሦስት ጻፈ። ከዚያ ወዲያ ስለ ቁጥሩ ማናችንም ትንፍሽ አላልንም፤ እኔማ ይኸው እስከ እርጅናዬ ማካፈል እጠላለሁ።

ትናንት ግን እርሳስ አነሣሁ። የነገው፣ ያ ያልደረሰችበት፣ ሃምሳ ዘጠኝ ነበር። ለሃምሳ ዘጠኝ አካፈልኩት፤ አምስት መቶ ዘጠኝ ደረሰ፣ የተረፈ የለም። ካርዱን ብገለብጠው በአባዬ እጅ ጽሑፍ፣ ሊጠፋ በደረሰ ቀለም፣ 59 × 509 ይላል፤ ከሥሩም ቁጥሩን የሰጠን ዕለት ቀን ተጽፏል። ለካ ሲጀመርም ያውቅ ነበር! ነገ ነገ እያለ በተስፋ ሊያቆያት ነበር። ምናለ አባዬ፣ ምናለ ያን ቀን ሁለት ቁጥር ብትሰጣት!

ሣጥኑ ግርጌ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አገኘሁ። ፈታሁት። ስኳር ነው፤ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። በአባዬ ቃል መሠረት አካፋዩን ያገኘሁት እኔ ነኝና የእኔ ነው። አፌ ድረስ አድርሼ መለስኩት፣ ደግሜም ቋጠርኩት።