ማሽኑ እንኳ ሳይወጣ

በመሥሪያ ቤታችን ሹም ሳይወጣ ሠራተኛ አይወጣም ነበር። ይህን የሚያዝ ደንብ የትም አልተጻፈም። ሥራው ካለቀ በኋላ ሰዉ ኮሪደሩ ላይ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ አንዱ የሹሙን ካፖርት ይዞ፣ አንዱ ባርኔጣቸውን፣ የቀረው ባዶ እጁን። እሳቸው ውስጥ ተቀምጠው በስልክ ስለ መሬታቸው ያወራሉ። ደጅ መጥናት ቤተ መንግሥት ብቻ የነበረ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል።

እኔ ከሰልፉ ነፃ ነበርኩ፤ ሥራዬ አያልቅማ! የማሽን ክፍል ሠራተኛ ነኝ። በቀዳዳ የተጻፈ ካርድ የሚበላ፣ ክፍሉን የሞላ ኮምፒውተር ነበረን። አመሻሽ ላይ የቀኑን ካርዶች ያነባል፣ በተራ ያስቀምጣል፣ ከድሮው መዝገብ ጋር ያዋህዳል፣ በመጨረሻ ሁሉን ለመጠባበቂያ ወደ ሌላ ቴፕ ይገለብጣል። አንዱን በጨረሰ ቁጥር የሚቀጥለውን የትእዛዝ ካርድ የማጎርሰው እኔ ነኝ። እዚያ ተገትሬ ስቆይ ኮልፌ ያለው የማታ ትምህርቴ ያመልጠኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሼ ነበር። መምህሩ ስም መጥራት ሲጀምሩ በሩን ይዘጋሉ፤ ወንበር የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ብዙ ነው። «አንድ ቀን እንኳ ደግመሽ ከዘገየሽ ወንበርሽን ለሌላ እሰጣለሁ» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው።

ታዲያ ምን በወጣኝ! ትእዛዞቹን ሁሉ አስቀድሜ በካርድ በሳሁና በተራቸው ደርድሬ አንድ ላይ አጎረስኩት። ስህተት ካገኘ እንዲቆም የሚያዝም ካርድ አስገባሁበት። አንዱን ሲጨርስ ራሱ ወደሚቀጥለው አለፈ። እጄን አጣጥፌ ሳየው ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ነጠላዬን ደርቤ ወደ ፌርማታ ልሮጥ ስል ሹሙ ከቢሯቸው ብቅ አሉ።

«አንቺ፣ ማን አሰናበተሽ?»

«ሥራዬን ጨርሻለሁ፣ ጌታዬ። ትምህርት አለብኝ።»

«ማሽኑ እየጮኸ አይደለም እንዴ?»

«የቀረውን ራሱ ይሠራዋል፣ ጌታዬ። እኔ አላስፈልገውም።»

«ማሽኑ እንኳ ሳይወጣ አንቺ ልትወጪ ነው?»

ኮሪደሩ በሙሉ ሳቀ። ካፖርት የያዘውማ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ደሜ ፈላ፤ ዛሬም ሳስበው ይፈላል። ሥራ ሳለብኝ ማንም አይፈልገኝም፣ ስጨርስ ለሰልፍ ተፈለግሁ። እሳቸው ተመልሰው ስልካቸውን አነሱ፣ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ከግድግዳው ወዲያ ማሽኑ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ሲያልፍ ይሰማኛል። አጠገቡ ማንም የለም። ይህ ግፍ ካልሆነ ግፍ ምንድን ነው? ሁሉን ጨርሶ ጸጥ ካለ በኋላም ቆመናል።

በመጨረሻ ወጡ፤ ባርኔጣቸውን ተቀበሉ፣ እጅ ነሣን። አውቶቡሱ ኮልፌ ሲያወርደኝ ጭቃውን ሳልመርጥ ሮጥኩ። የክፍሉ በር ተዘግቷል። መምህሩ ስም ሲጠሩ ከውጭ ይሰማል። ወዲያው የኔን ስም ጠሩ።

«አቤት!» አልኩ በሩን እየደበደብኩ። «አለሁ፣ መምህር! አለሁ!»

በሩን አልከፈቱም። የሚቀጥለውን ስም ጠሩ።