ለልብ የተፈለገችው ክኒን

ከሚሴ ላይ መድኃኒት ቤት ከከፈትኩ ወዲህ ያቺን ለወንድነት የምትወሰድ ክኒን ለራሱ ብሎ የጠየቀኝ ወንድ የለም። ሁሉም የሚፈልጋት ለጎረቤቱ ነው። እኔም የማላውቀውን ጎረቤት አክብሬ፣ ግፊት አለበት ወይ፣ ደረቱን ያመዋል ወይ እያልኩ እጠይቅና የሐኪም ማዘዣ ይዞ ይምጣ ብዬ እሸኛለሁ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከሰንበቴ ከተማ የመጡ ሽማግሌ ገቡ። ባለቤታቸው ውጭ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቋቸዋል። "አካም ጂርታ፣ ልጄ?" ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ክኒኗን ለጎረቤታቸው ጠየቁኝ። ደረቱን ያመው እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ "አልሃምዱሊላህ፣ ጤነኛ ነው" አሉ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። አሳዘኑኝና እፍረቱን ላቅልላቸው ብዬ የክኒኗን ታሪክ ጀመርኩ። ወሬ ላይ ልክ የለኝም።

"ፈረንጆቹ መጀመሪያ የፈለጓት ለልብ ሕመም ነበር" አልኳቸው። "የደረት ውጋት ታስታግስ እንደሆነ ብለው ሰው ላይ ሞከሯት። ለልቡ ያን ያህል አልሆነችም። ወንዶቹ ግን ሌላ ነገር አዩ። የተረፈውን መልሱ ሲባሉ እምቢ ያሉም ነበሩ ይባላል። በዚያው ለዚህ ሆና ቀረች።"

ሽማግሌው በጥምጥማቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እኔም ደስ አለኝ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን ከኪሳቸው ከምላስ ሥር የምትደረገዋን የልብ ክኒን አወጡ።

"ሱብሃነላህ፤ ለልብ የተፈለገች ከሆነች ደረቴንም ትይዝልኛለቻ። ከዚህችኛዋ ጋር አብሬ እወስዳታለሁ።"

ጎረቤታቸውን ረስተውታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ወሬዬን መመለስ አልቻልኩም። እኔ ብከለክላቸው ከሌላ ሰው ያገኟታል፤ ደግሞ ያሳመንኳቸው እኔው ነኝ። ሁለቱ አንድ ላይ ከተወሰዱ ግፊትን በአንዴ ጥለው እንደሚገድሉ ደጋግሜ ነገርኳቸው፤ ለችግራቸው የሚሆነውን የልብ ሐኪማቸው እንዲመርጥላቸውም ለመንኳቸው።

በበሩ አሻግረው ባጃጅ ውስጥ ወዳሉት ባለቤታቸው ተመለከቱ።

"ደረቴ እንዳይነሳብኝ እየፈራሁ መኝታ ለይቻለሁ" አሉ። "እንዳትደነግጥብኝ ብዬ ሕመሙን አልነገርኳትም። እሷ ግን የጠላኋት መስሏታል። ፊቷ ከጠቆረ ቆየ።"

በወሬዬ አፈርኩ። "ይንገሯቸው፣ አባቴ" አልኳቸው።

"እኔ አልችልም። አንተው ንገርልኝ።"

ባለቤታቸውን ጠራኋቸው። ባላቸው ልባቸውን እንደሚያማቸው፣ የራቋቸውም ፈርተው እንደሆነ ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው። ሴትዮዋ ባላቸውን ትክ ብለው አዩአቸው።

"እኔ ሌላ ልታገባ መስሎኝ ስንት ወር አለቀስኩ" አሉ።

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ሴትዮዋ የልብ ክኒኗን ከእጃቸው ወሰዱና ወደ እኔ ዞሩ።

"አደራረጓን በደንብ አሳየኝ" አሉኝ። "ማታ አጠገቡ የምተኛው እኔ ነኝ።"