አባታችንን ሽቅብ የወሰድን ጊዜ

አባቴ ወደ ቆላ የወረደው ለአንድ አጨዳ ብቻ ብሎ ነበር። ጋቢና ማጭድ ይዞ ከደጋው ከወገራ ተነሣና፣ ሰሊጥ አጭዶ በሬ መግዣ ሊያገኝ ሱዳን ድንበር አጠገብ ካለችው ኮኪት ደረሰ። በሬውም ሳይገዛ ቀረ፣ እሱም ሳይመለስ ቀረ። እኛ ልጆቹ ሁላችን እዚያው ተወለድን። እሱ ግን ሽበት ካወጣም በኋላ «ዘንድሮ አጭጄ አገሬ እገባለሁ» ማለቱን አልተወም። እናቴ «ስንቅ ልቋጥርልህ ወይስ እንዲሁ ትሄዳለህ?» እያለች ትስቅበት ነበር።

የቆላው ሰው በዚህ ነገሩ ያናድደኛል። ቤት ሠርቶ፣ ልጅ ድሮ፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ አገርህ የት ነው ሲሉት ተራራውን ያሳያል። ሥራው ቆላ፣ መቃብሩ ደጋ። ሰው ሲሞት ሬሳው አይሱዙ ላይ ተጭኖ ሽቅብ ይወጣል። መኪናውን የሚያፈላልገውና ሾፌሩን የሚለማመጠው ደግሞ ሁልጊዜ አባቴ ነበር። እናቴ በወባ ስትሞትበትም እንዲሁ አደረገ። ክረምት ስለነበር እርሻውን አረም ውጦታል፤ ቀብሯት በማግሥቱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ መቃብሯን ለማየት በየዓመቱ ይነሣል፤ በየዓመቱም ወይ ዝናቡ፣ ወይ ሰሊጡ፣ ወይ የመንገዱ ነገር ያስቀረዋል። «ብቻዋን ጣልኳት» ይል ነበር፣ ማናችንንም ሳያይ።

በሰሊጥ ቀልድ አያውቅም። ሰሊጥ ቀኑ ካለፈበት ፍሬው ተሰንጥቆ መሬት ላይ ይራገፋል። ስለዚህ አጨዳ ሲደርስ ማሳው ውስጥ እየዞረ የታችኛውን ፍሬ በጥፍሩ ፈልቅቆ ያያል። ነገ ይታጨዳል ካለ ነገ ነው፤ የእህቴን ሠርግ እንኳ አዛውሯል። ያን አጨዳውን ሲያስቆም ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከወሎ የመጣ አንድ ሳሉግ፣ የቀን ሠራተኛ ማለቴ ነው፣ ትኩሳት ጥሎት ሞተ። ዘመዱን የሚያውቅ ጠፋ። አባቴ ማጭዱን ሁሉ አስጥሎ፣ ሠራተኛውን አስከትሎ፣ እዚያው ኮኪት ቤተ ክርስቲያን ቀበረው። የሰሊጡ ግማሽ ረገፈ፤ እሱ ግን አልቆጨውም።

ከዚያ ወዲያ ከቅዳሴ ሲወጣ የዚያን የወሎ ልጅ መቃብር ሣር ይነቅላል። አንድ ቀን አብሬው ሳለሁ፣ «ይሄ ልጅ ከእናትሽ ይሻላል፤ ሰው ያልፍበታል» አለኝ። ስለ እናቴ ያዘነ መስሎኝ ሣሩን አብሬው መንቀል ጀመርኩ።

አምና ነዶው ታስሮ ለመድረቅ እንደቆመ፣ አባቴ ታሞ ብዙም ሳይተኛ ሞተ። ሽማግሌዎቹ ታላቅ ወንድሜን ከበቡት። «አባትህ የስንቱን ሬሳ አገሩ አስገብተዋል። የእሳቸውን እዚህ በረሃ ልትተው ነው?»

«አባቴን እንደ ሳሉግ አልቀብረውም» አለ ወንድሜ። መኪና ተገኘ። የተቃወመ አልነበረም፤ ክብሩ ይኸው ነው ብለን ሁላችንም ተሳፈርን።

ወገራ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቤተ ክርስቲያኑ ፈርሶ ባዲስ ተሠርቷል፤ የእናቴን መቃብር የሚያሳየን አጣን። ቄሱ «የማን ልጅ ናቸው?» ብለው ጠየቁ። ወንድሜ የአያታችንን ስም ቢጠራ የሚያውቅ የለም። አንድ ሽማግሌ ብቻ «ያ ቆላ ወርዶ የቀረው?» አሉ። አጥሩ ጥግ ቀበርነው። የቆፈሩት ጎረምሶች ደጎች ነበሩ፣ ግን አላለቀሱም። ማንን ብለው ያልቅሱ?

ስንመለስ ኮኪት የተተከለው ድንኳን አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። አባታችን ዘንድ ሲያጭዱ የኖሩ ሠራተኞች ከየእርሻው መጥተው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሰሊጥ ይገዛው የነበረ ሱዳናዊ ወዳጁም ነበር፤ አገሩ ጦርነት ሆኖበት ድንበር ተሻግሮ ገንዳ ውሃ ከተማ የሚኖር ሰው ነው። ወንድሜን አቅፎት ሲያበቃ፣ «ወላሂ ልቤ ተቃጠለ። ቀብሩን አሳየኝ፣ ቆሜ ዱዓ ላድርግለት» አለው።

«አገሩ ወስደነዋል» አለ ወንድሜ።

ሰውዬው ግራ ገባው። «አገሩ የት ነው? እሱ ኮኪት አይደለም?»

ከሠራተኞቹ አንዱ አንገቱን ደፍቶ «እኛም አፈር ሳናለብሳቸው ቀረን» አለ። በለቅሶው ሁሉ ዕንባ ያልወጣው ወንድሜ ይህን ሲሰማ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

«እኔን ግን እዚሁ ቅበሩኝ» አለ ከጋቢው ውስጥ።

አባታችንም ይህችን ቃል በአፉ ብሏት ቢሆን እያልኩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ግን የጎረቤቱን ሬሳ ሁሉ ሽቅብ ሲያወጣ የኖረ፣ ሚስቱን እንኳ ያወጣ ሰው፣ እኔን እዚሁ ተዉኝ ብሎ በየትኛው አፉ ይናገር?