የበያጁ ቀኝ ዓይን

ፍሬምናጦስ ሎጊያ ውስጥ የከባድ መኪና ተጎታች የሚበይድ ሰው ነው። ሙያውን የተማረው አዋሽ ከተማ ነው፤ ሎጊያ ለአንድ ክረምት ብሎ የወረደው የወልድያ ልጅ ይኸው ትዳር ይዞ ቀረ። የጅቡቲ መንገድ የሰበረውን ብረት እሱ ይጠግነዋል። በዚህ ትንሽ ይኮራል፤ ቢኮራም ያምርበታል።

የበያጅ ዓይን ቢቀላ ማንም ዞር ብሎ አያይም። የፊት መከላከያውን ለአፍታ ያነሳ ሰው ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተደፋ ይመስል ሲያሽ ያድራል፤ በማግስቱ ይተወዋል። ስለዚህ ባለፈው ግንቦት ፍሬምናጦስ ትኩሳት ይዞት ከንፈሩ ላይ ምች ሲወጣበት፣ ቀጥሎም ቀኝ ዓይኑ ቀልቶ ብርሃን ሲጠላ፣ ጋራዡ በሙሉ ፈረደ፦ ብየዳ ነው! ለከንፈሩ ሚስቱ ሎዛ ዳማከሴ አሽታ ቀባችው። ዓይኑን ከምቹ ጋር ያገናኘ ሰው ግን አልነበረም።

የሥራ ባልደረባው አብዱልበሲጥ ከመሣሪያ ሣጥኑ የዓይን ጠብታ አወጣለት። በዚያ ጋራዥ ከዚያች ብልቃጥ ያልቀመሰ ዓይን የለም።

«ወላሂ ሻይህን ሳትጨርስ ያነጣልሃል» አለው።

አልዋሸም። ዓይኑ ነጣ፤ ሕመሙም ቀለል አለው። ፍሬምናጦስ ሲቀላ እያንጠባጠበ፣ ሲነጣ እየበየደ ሰነበተ። ይህን ስሰማ ተናድጃለሁ፤ ነገር ግን ማንም ክፉ አላሰበም። አንድ ጠዋት ቀኝ ዓይኑን ጭጋግ ሸፈነው።

ሰመራ ሐኪም ቤት ሄደ። ዶክተር እድላዊት ዓይኑ ላይ ቢጫ ቀለም ጠብ አድርጋ በሰማያዊ መብራት አየችው። ብሌኑ ፊት ለፊት እንደ እንጨት ቅርንጫፍ የተከፋፈለ ቁስል ነበር።

«ከንፈርህ ላይ የወጣው ምች ዓይንህም ውስጥ ገብቷል። ቫይረስ ነው። ያሳየኸኝ ጠብታ መቅላቱን ደበቀልህ እንጂ፣ ዓይንህ ቫይረሱን እንዳይከላከል አድርጎ ቁስሉን ሲያባብስ ነው የከረመው።»

«ብየዳ እኮ ነው፣ ዶክተር።»

«ብየዳ ቢሆን ሁለቱንም ዓይንህን በመታህ ነበር።»

«እይታዬ ይመለሳል?» አለ ፍሬምናጦስ።

«ቁስሉ ይድናል። ጠባሳው መሃል ላይ ከቀረ ግን ይጋርድሃል።»

መድኃኒቱን ሳያጓድል ወሰደ። ቁስሉ ደረቀ፣ መቅላቱም ጠፋ። የጋራዡ ሰዎች እንኳን ማረህ እያሉ ጨበጡት። ቤት ሲገባ ሎዛ በር ላይ ተቀበለችው፤ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችውና ሳቀች።

«ተመስገን! ዓይንህ እኮ ጥርት አለ!»

ፍሬምናጦስ ግራ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። ድምጿ አለ፤ ሳቋ አለ፤ ፊቷ የለም።

«ተመስገን» አላት።