«ደህና ነው» ያልኩበት ቀን

ዴንቨር አጠገብ ካለችው ከኦሮራ የተነሳነው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ አጠገቤ የእህቴ ልጅ ቢንያም። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በረዶ ላይ ሆኪ ይጫወታል። ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወድቋል፤ ከዚያ ወዲህ መኪና አይነዳም። ዛሬ ዴንቨር ያለው ክለቡ ወይ ውሉን ያድስለታል፣ ወይ ያሰናብተዋል። ታክሲ ነጂ አጎት ለዚህ ካልሆነ ለምን ይጠቅማል!

ሆኪ ለእኔ የገና ጨዋታ ነው፣ ሜዳው በረዶ የሆነ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባባልን በዱላ ቅልጥም ለቅልጥም ስንማታ ነው ያደግነው። ስለዚህ የልጁ መመታት ብርቅ አልሆነብኝም። ጥፋቴ ከዚያ ይጀምራል።

ሴንትራል ፓርክ

«አጎቴ፣ ፑል ኦቨር፣ ፕሊስ!» አለኝ ድንገት። ድሮ አውሮፕላን ያርፍበት በነበረው፣ አሁን ቤት በቤት በሆነው ሴንትራል ፓርክ ሰፈር አንድ ጥግ መኪናዋን አቆምኩ። በሩን ከፍቶ አስመለሰው። ቁርስ የበላው ሳምቡሳ ሁሉ ወጣ።

«ዛሬ ብቻ ነው?»

«ኤቭሪ ሞርኒንግ» አለ፣ ከፀሐይዋ ዓይኑን በእጁ ጋርዶ። «ለእማዬ እንዳትነግራት። ለክለቡም።»

ውሃ ሰጠሁት። ምን ነበረበት መኪናዋን ያን ጊዜ ወደ ሐኪም ባዞራት! አላዞርኳትም።

ዴንቨር

ለፓርኪንግ አስራ ስምንት ዶላር ተዘረፍኩ። የክለቡ ማናጀር ፀጉሯ የሸበተ፣ ነገር የማታስረዝም ሴት ናት። ቢንያምን «ራስህን ያምሃል?» ስትለው ሳያመነታ «አይም ፋይን» አላት። ከዚያ እኔን ለብቻዬ ኮሪደር ላይ አስቀረችኝ።

«እንደሱ ያለ ተጫዋች የለኝም» አለች። «ግን ሦስተኛ ጊዜ ጭንቅላቱን ቢመታ የሚቀርበት ጨዋታው ብቻ አይደለም። ሐኪሙም እኔም የምናውቀው እሱ የነገረንን ነው። አንተ ቤተሰቡ ነህ። እንዴት ነው?»

እንዴት ነው! የእኛን ሰው ይህን ጠይቆ ሌላ መልስ ያገኘ ማን አለ? ትኩሳት እያንቀጠቀጠን፣ እግራችን በጀሶ ታስሮ፣ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የምንለው። አፌ የለመደውን አለ።

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት በእንግሊዝኛ።

እውነቱን ልናገር፣ ልማድ ብቻ አልነበረም። እህቴ «ልጄ ተጫዋች ነው» ስትል መስማት እኔንም ያኮራኝ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት ትዝ ያለኝ ልጁ ለሁለት ዓመት ከፈረመ በኋላ ነው።

መልስ

በ225 አውራ ጎዳና ወደ ቤት ስንነዳ የመንገዱን ምልክቶች ያነብ ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አጎቴ፣ የኛ ኤግዚት የቱ ነው?» አለኝ።

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ከአራት ዓመቱ ጀምሮ የኖረበት ሰፈር መውጫ ነው። ዞር ብዬ ሳየው ዓይኑ እንባ ሞልቶታል። ፈራሁ፤ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

«ቤት እንደገባን ለማናጀሯ ደውዬ ዋሸሁሽ እላታለሁ።»

«አጎቴ፣ ፕሊስ!»

«ብትጠላኝም ጥላኝ።»

እህቴ እትዬ አበባ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ፊቷ በርቷል።

«ደህና ዋላችሁ?»

ለዚህ ጥያቄ ዕድሜ ልኬን የመለስኩት አንድ መልስ ነው። ቢንያም ክንዴን ጨበጠኝ።

«አልዋልንም፣ እትዬ» አልኳት። «ደህና አልዋልንም።»